ሰሙ የጠፋበት ቅኔ፤ «የሲንሲናቲው ጆን» ስለሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ

ነገርን በምሳሌ መሰወር ከጥንት ጀምሮ የጥበብ ሥራ ነው። ነቢያት በምሳሌ ተናገሩ፤ ሊቃውንትም ምሥጢሩን በሰም ሸፍነው ወርቁን ለሚደክምበት ሰው አኖሩለት። ስለዚህ አንድ ድርሰት በመጀመሪያ ንባብ ወይም በመጀመሪያ ትርኢት አልገባ ቢለን ፈጥነን ልንነቅፈው አይገባም። ነገር ግን መሰወር ሌላ ነው፥ መደናገርም ሌላ ነው። የተሰወረ ነገር ፈላጊውን ይጠብቃል፤ የተደናገረ ነገር ግን ራሱም የት እንዳለ አያውቅም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንመረምረው የአሜሪካ ድራማ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ስለ ሆነ ፍርድ ለመስጠት ያስቸግራል፤ የያዘውም ነገር የቤተ ሰብን ቍስልና የእግዚአብሔርን ጸጋ የሚመለከት ስለ ሆነ ቸል ብለን የምናልፈው አይደለም።

ድራማው «ጆን ፍሮም ሲንሲናቲ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የሲንሲናቲው ጆን» ማለት ነው። በኤች ቢ ኦ ቴሌቪዥን ከሰኔ 3 ቀን እስከ ነሐሴ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.፥ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር ከጁን 10 እስከ ኦገስት 12 ቀን 2007፥ በ10 ክፍል ታየ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) ደራስያኑ ዴቪድ ሚልችና ኬም ነን ናቸው። ሚልች በዬል ዩኒቨርሲቲ ከገጣሚውና ከልብ ወለድ ደራሲው ከሮበርት ፔን ዋረን እግር ሥር የተማረ፥ ስለ ፖሊሶች ኑሮ የሚናገረውን «ኤን ዋይ ፒ ዲ ብሉ»ን በ1993 ከስቲቨን ቦችኮ ጋራ ያቋቋመ፥ ከ2004 እስከ 2006ም «ዴድዉድ» የተባለውን የወርቅ ቈፋሪዎች ከተማ ታሪክ ያቀረበ ሰው ነው። ኬም ነን ደግሞ ስለ ባሕር ጠረፍ ሰዎች ጨለማ ኑሮ በጻፋቸው ልብ ወለዶች የታወቀ ነው፤ «ታፒንግ ዘ ሶርስ» በ1984፥ «ቲዋና ስትሬትስ» በ2004 ታትመዋል። እንግዲህ ሥራው የጀማሪዎች ሥራ አይደለም፤ ስለዚህም ጥፋቱን በልምድ ማጣት ልናመካኝለት አይቻለንም።

የታሪኩ ቦታ ኢምፔሪያል ቢች ናት። ይህች ከተማ በካሊፎርንያ ጠረፍ በስተ ደቡብ መጨረሻ፥ ከሜክሲኮ ወሰን አጠገብ ትገኛለች። የቲዋና ወንዝ ከወሰኑ ማዶ የከተማ ፍሳሽ እያመጣ በአጠገቧ ወደ ውቅያኖስ ስለሚገባ፥ ባሕሯ ተበክሎ ሰው እንዳይዋኝበት ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ሰዎቿ የሚወዱት ጨዋታ፥ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ፥ እነርሱ ሰርፊንግ የሚሉት፥ ከሃዋይ ደሴቶች የመጣ ጥንታዊ ጨዋታ ነው። ጆርጅ ፍሪዝ የተባለው የሃዋይ ተወላጅ በ1907 በካሊፎርንያ ጠረፍ፥ በሬዶንዶ ቢች፥ ለሕዝብ ካሳየው ወዲህ በዚያ አገር እጅግ ተስፋፍቷል፤ በ2021 በተደረገውም የቶክዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ ጋራ ተቈጥሯል። ደራስያኑ ይህን ቦታና ይህን ጨዋታ መምረጣቸው መልካም ነበረ። ጋላቢው ማዕበሉን አይሠራውም፤ ከሩቅ የሚመጣውን ተቀምጦ ይጠብቀዋል፥ በመጣም ጊዜ ይነሣና ይቆምበታል። ጸጋን ለማመልከት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ ከየት ይገኛል? ያም ውኃ የሚያነሣውን ሰው የሚያሳድፍ መሆኑ፥ ሰው በረከቱንና እድፉን ከአንድ ባሕር እንደሚቀበል ያስታውሳል።

የታሪኩ ባለቤቶች የዮስት ቤተ ሰብ ሦስት ትውልድ ናቸው። አያትየው ሚች ዮስት በወጣትነቱ ስመ ጥር ማዕበል ጋላቢ ነበረ፤ ጕልበቱ ተጐድቶ ከውድድር ወጣ፥ ጨዋታውንም ለገንዘብ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ይጸየፋል። ልጁ ቡቺ በፈንታው ዝነኛ ከሆነ በኋላ የሄሮይን ሱሰኛ ሆኖ ባረጀ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወድቋል። የቡቺ ልጅ ሾን ገና ብላቴና ነው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ጥላው ስለ ሄደች ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። አያቲቱ ሲሲ የሰሌዳ መሸጫ ሱቅ ይዛ ቤቱን በቍጣና በድካም ታቆማለች። ሊንክ ስታርክ የተባለው ነጋዴም አስቀድሞ በአባቱ ስም ያተረፈው አልበቃ ብሎት ብላቴናውን ደግሞ ሊወስድ ይመጣል። ሚችን ብሩስ ግሪንዉድ፥ ሲሲን ሬቤካ ደ ሞርናይ፥ ቡቺን ብራያን ቫን ሆልት ተጫውተዋቸዋል። ሾን ሆኖ የቀረበው ግሬይሰን ፍሌቸር እርሱ ራሱ በዚህ ጨዋታ ከታወቀ ቤት የተወለደ፥ የኸርቢ ፍሌቸር የልጅ ልጅ ነው፤ ዝምታውም የተማረው ሳይሆን አብሮት ያደገ ይመስላል።

ወደዚህ ቤት ጆን የሚባል እንግዳ ይመጣል። ከየት እንደ መጣ፥ አባቱ ማን እንደ ሆነ፥ አይታወቅም። «ከሲንሲናቲ ነው» የሚሉት ሌሎች ናቸው እንጂ እርሱ ከተማዪቱን የሚያውቅ አይመስልም። ሞናድ የሚለው ስሙ በግሪክኛ «አሐድ» ወይም «አንድ» የሚል ትርጕም አለው፤ ጆን የሚለውም የእኛው «ዮሐንስ» እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። በመጀመሪያው ክፍል ለሚች የሚነግረው ነገር ፍጻሜው መቅረቡን ነው፤ ከዚህም የደራስያኑ ሐሳብ ወዴት እንደሚያዘነብል ይታያል። ጆን የራሱ ንግግር እጅግ ጥቂት ነው። ሰው የነገረውን ቃል መልሶ ለዚያው ሰው ወይም ለሌላው ይናገረዋል፤ አንድ ነገር ሲጠይቁትም ከኪሱ ያወጣል። ከእርሱ ጋራ ሲሆን ቡቺ ሄሮይን ያጣ ሱሰኛ የሚያገኘው ሕማም አይሰማውም። ሚች ከባሕር ወጥቶ ሳለ እግሩ ከምድር ከፍ ይላል። ብላቴናው ሾን በውድድር ላይ አንገቱ ተሰብሮ ሐኪሞች ተስፋ ከቈረጡበት በኋላ፥ ቢል ጃክስ የተባለ ጡረተኛ ፖሊስ ያመጣው በቀቀን በአፉ ቢነካው ድኖ ይነሣል። ያን ያየው ሐኪምም ሥራውን ትቶ ነገሩን ሊመረምር ይከተላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሚያስደንቅ ነው እንጂ የሚያደናግር አይደለም። መጽሐፍን የሚያውቅ ሰው በተአምር አይደናገርም። የበለዓም አህያ በተናገረች ጊዜ የሰማነው ነገር እንግዳ ቢሆንም ሥርዐት ነበረው፤ መንገዱ ለምን እንደ ተዘጋ፥ ማን እንደ ዘጋው፥ አህያይቱ ያየችውን ነቢዩ ለምን እንዳላየ፥ ሁሉም በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ኤልያስም የመበለቲቱን ልጅ ባስነሣ ጊዜ ለእናቱ ሰጣት፥ እርስዋም በእርሱ የላከውን ዐወቀች። ተአምር ማለት ምልክት ነው፤ ምልክትም የሚያመለክተው ነገር ሊኖረው ይገባል። በዚህ ድራማ ግን ከሦስተኛው ክፍል ወዲያ ምልክቱ ይበዛል፥ የሚያመለክተው ይጠፋል። በቀቀኑ፥ የእንግዳ ማረፊያው 24ኛ ክፍል፥ የጠበቃውና የዕፅ ሻጮቹ ክርክር፥ የሴቲቱ ካሜራ፥ በእንግዳ ማረፊያው የሚጥል በሽታ የያዘው ሀብታም፥ እያንዳንዱ ትልቅ ነገር የያዘ መስሎ ይገባና ዕቃውን ሳያራግፍ ይወጣል።

የድራማው ልብ የሚባለው በስድስተኛው ክፍል ያለው የጆን ስብከት ነው። በየቦታው የተበተኑት ሰዎች በአንድ ራእይ በእንግዳ ማረፊያው ግቢ ተሰብስበው ሳለ፥ ጆን ስለ ቃልና ስለ ግድግዳ፥ ስለ መስመርና ስለ ክብ፥ የሒሳብ መኪና ስለሚቈጥርባቸው ስለ አንድና ስለ ዜሮ፥ ስለ አባቱም ይናገራል። ትርኢቱ ያማረ ነው፤ ሰዎቹ በሥጋ ተለያይተው ሳሉ በአንድ ቦታ መታየታቸውም አንድነትን ያስባል። ነገር ግን ስብከቱን ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ለሰማው ሰው ቃላቱ እንደ ተበተነ መቍጠሪያ ናቸው፤ ዕንቍው ሁሉ አለ፥ ክሩ የለም።

ይህን በእኛ ሊቃውንት ሥርዐት ብንመዝነው ጕድለቱ በግልጽ ይታያል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ንባብ ሳያቀና ወደ ትርጓሜ አይሄድም። ትርጓሜውም ቢሆን አስቀድሞ ነጠላውን ይፈታል፥ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ምሥጢሩን ያሰፋል። «አንድም» የሚለው ቃል ከፊቱ አንድ የጸና ነገር መኖሩን ያስረዳል፤ የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛው በምን ላይ ይቆማል? የቅኔውም ነገር እንዲሁ ነው። አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን በሚፈልገው መልክ ያበጀዋል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በወጣበትም ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ መልክ ከሌለው ወርቁ ከምድር ላይ ፈስሶ ይቀራል፤ ወርቅነቱን አላጣም፥ ነገር ግን አንገት ላይ የሚጠለቅ መስቀል አይሆንም። ሚልችና ነን ወርቅ አልነበራቸውም አንልም። ወርቁን ለማፍሰስ ቸኵለው ሰሙን ሳያበጁት ቀሩ እንላለን።

በዚህ ላይ የሚነሣ መልስ እንዳለ እናውቃለን። «ግልጽነትን የሚጠይቅ ሰው ምሥጢርን አያውቅም፤ የመንፈስ ነገር በሥርዐተ ነገር አይታሰርም» የሚሉ የድራማው ወዳጆች አሉ። ይህ አባባል ጥቂት እውነት አለው፥ ነገር ግን የሚጸናው ጥቂቱ ብቻ ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የበለጠ ጥልቅ ነገር አናውቅም፤ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢመራመሩ አይጨርሱትም። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ምሥጢረ ሥላሴን ለሕፃናት በቃላት ታስተምራለች፤ ሕፃኑ የተማረውን አይጨርሰውም፥ ግን ምን እንደ ተነገረው ያውቃል። ምሥጢር ማለት የተነገረው ከተሰማው በላይ ሲሆን ነው። ሰሚው ምንም ነገር ሳይነገረው ብዙ እንደ ሰማ ቢመስለው ያ ምሥጢር ሳይሆን ጥላው ነው። ንባቡ የተዘበራረቀውን ሁሉ ጥልቅ ነው ብለን የምናከብር ከሆነ፥ ነገ በከተማው አደባባይ ትርጕም የሌለው ቃል የሚጮኸውን ሁሉ ነቢይ ልንለው ነው፤ ይህም ለነፍስ የሚያሠጋ ነገር ነው።

የነቀፌታችንን ያህል ደግሞ ምስጋናውን ልንከለክለው አንወድም፤ ይህ ሥራ በቤት ውስጥ ያለውን ቍስል በሚናገርበት ስፍራ እውነተኛ ነውና። ሚልች በሄሮይንና በመጠጥ፥ ኋላም በቁማር የተጠቃ መሆኑን ራሱ በአደባባይ የተናገረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቡቺን ሲጽፍ ከሩቅ ሆኖ አልጻፈም። ሱሰኛው ቀልድ ያውቃል፤ ይዋሻል፤ ልጁን ይወዳል፥ ሊያየው ግን ያፍራል። አባትየው የዓለምን ንግድ ጠልቶ ሲኖር ይህ ጥላቻው ንጽሕና ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከባሕር ሲመለስ ቤቱን የሚሸሽበት መንገድ መሆኑን ትርኢቱ ቀስ በቀስ ያሳየናል። ነጋዴን መጥላት ልጅን ማሳደግ አይደለምና። በዚህም ድራማው እኛ ቀሳውስትና የተማሩ ሰዎች ልናስብበት የሚገባንን ነገር ይነግረናል፤ ከገበያ የሚርቅ ሰው ሁሉ ወደ እግዚአብሔር የቀረበ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የሲሲ ነገር ነው። ይህች ሴት ቡቺ ገና ብላቴና ሳለ፥ አእምሮን የሚያዛባ ዕፅ ወስዳ፥ እናት በልጅዋ ላይ ልታደርገው የማይገባውን በደል አድርጋለች፤ ነገሩን በዚህ ገጽ በስሙ አንጠራውም። እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር ሳይነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ቍጣዋ ሁሉ፥ የልጅዋም ሱስ፥ ከዚያች ቀን ጋራ የተቈራኘ መሆኑ ሲገለጥ፥ ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ ያለ ምክንያት የመሰለውን ጩኸት መለስ ብሎ ይረዳዋል። ነገሩን ወደ ብርሃን የሚያመጣው ጆን ነው። ክስ አያቀርብም፤ አይፈርድም፤ የተሰወረውን እንደ ሕፃን በየዋህነት ይናገረዋል። የሰውን ቃል ለሰው የሚመልስ መሆኑም ትርጕም የሚያገኘው በዚህ ስፍራ ነው። የተሳደበው ስድቡን፥ የዋሸውም ውሸቱን ከሌላ አፍ መልሶ ሲሰማው ያፍራል። የቤተ ሰብ ኀጢአት ዐሥር ዓመትም ሃያ ዓመትም የሚኖረው አንድም ሰው አፉን ከፍቶ ስሙን ስለማይጠራው ነው። እዚህ ላይ ሰምም ወርቅም ተገናኝተዋል፤ ድራማው ሁሉ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች ጋራ በተቈጠረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። የድራማው ክፍሎች እያንዳንዳቸው «የእርሱ ጕብኝት» ተብለው በቀን ቍጥር ተሰይመዋል፤ መጀመሪያው አንደኛ ቀን፥ መጨረሻው ዘጠነኛ ቀን ይባላል። ጕብኝት የሚለው ቃል ለእኛ ቀላል ቃል አይደለም። ጌታ ወደ ዘኬዎስ ቤት በገባ ጊዜ፥ ያ ቀራጭ በደስታ ተቀበለው፥ ገንዘቡንም ለድኆች ከፈለ፥ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቆመ። የተጐበኘ ቤት በጕብኝቱ ይለወጣል። የዮስት ቤት ግን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ምን ተለወጠ? ብላቴናው ድኗል፥ ግን የሚያመሰግን አይታይም። ሚች ከምድር ከፍ ብሏል፥ ግን በሽታ የያዘው መስሎት ይፈራል። ከዐሥሩ ለምጻሞች አንዱ ተመልሶ ነበር፤ በዚህ ቤት የሚመለሰው ማን እንደ ሆነ ደራስያኑ በግልጽ አላሳዩንም። ሲሲና ቡቺ የተሰወረው ከተገለጠ በኋላ ይቅርታ የሚጠያየቁበት መንገድ ገና ሳይጀመር ሌላ ተአምር ይገባና ያቋርጠዋል። ንስሐ የሌለበት ተአምር በሽታን ቢፈውስም ቤትን አያቆምም። እኛ የምናዝነው ጆን ክርስቶስን ይመስላል ወይም አይመስልም በሚለው ክርክር አይደለም፤ ልብ ወለድ ሰው ነውና በእርሱ ላይ ሃይማኖት አንመሠርትም። የምናዝነው ሰዎቹ ሊመለሱ በተዘጋጁበት ሰዓት ደራስያኑ ስላልጠበቋቸው ነው።

የመጨረሻው ክፍል ነገሩን አያበቃም። ጆንና ሾን ከጠፉ በኋላ ማዕበል እየጋለቡ ይመለሳሉ፥ ከተማውም ይደሰታል፤ የመዝጊያው ቃል ግን ዐዲስ እንቆቅልሽ ጨምሮ ያቆማል። ኤች ቢ ኦ ሁለተኛ ዙር እንደማይኖር ያስታወቀው ወዲያው በዚያው ሳምንት ነው። ድራማው የጀመረበት ሌሊት «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለው ዝነኛ ድራማ ያበቃበት ሌሊት ነበረ፤ የዚያም መጨረሻ በድንገት ስለ ተቋረጠ ሕዝቡ ምን እንደ ሆነ እየተከራከረ ሳለ፥ ወዲያው ሌላ እንቆቅልሽ ቀረበለት። ይህ መጥፎ አጋጣሚ ነበረ ቢባል ሐሰት አይደለም። «ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ሁሉ ይፈታ ነበር» የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ድርሰት የሚፈረደው በያዘው ነው እንጂ ሊይዝ ባሰበው አይደለም። «ዴድዉድ»ም በ2006 ሳይፈጸም ተቋርጦ ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የቆመ ስለ ነበረ ተመልካቹ መጨረሻውን ባያይም የታየውን ያውቅ ነበር፤ በ2019 የመዝጊያው ፊልም በወጣ ጊዜም ሰዎቹን እንደ ጎረቤት ዐውቆ ተቀበላቸው።

እንግዲህ አንባቢ «ልየው ወይስ ልተወው?» ብሎ ቢጠይቀን መልሳችን ይህ ነው። ንግግሩ በስድብና በነውር የተሞላ ስለ ሆነ ልጆች ባሉበት ቤት ሊታይ አይገባውም። መዝናናት ለሚፈልግ ሰውም ድካም ነው። ነገር ግን ንስሐ የሚቀበል ካህን፥ በቤቱ ሱሰኛ ልጅ ያለው አባት፥ በዝምታ የታሰረ ቤተ ሰብ የሚያውቅ ሽማግሌ ቢያየው ስለ ሲሲና ስለ ቡቺ ብሎ ሊታገሠው ይችላል። ሲያየውም በስብከቱና በተአምሩ ላይ አይድከም፤ ቃሉ ተመልሶ ወደ ጆሮው ሲመጣ የሰውን ፊት ይመልከት፥ ቁም ነገሩ ያለው በዚያ ነውና።

ለወጣቶች ደራስያኖቻችንም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቅኔ ስንቀኝ፥ ልብ ወለድ ስንጽፍ፥ ለመድረክ ስንደርስ ምሥጢር ለመጨመር ብለን ንባቡን አናጨልም። ሰው በሰሙ በኩል ገብቶ ወደ ወርቁ እንዲደርስ በሩን ክፍት እናድርግለት። ስሙን መጥራት የሚያሳፍረውን የቤታችንን ኀጢአት ደግሞ ደፍረን በታሪክ መልክ እንጻፈው፤ ሚልችና ነን በዚህ በኩል ያሳዩን ድፍረት በሌላው ከጐደላቸው ሁሉ ይበልጣል። የተሰወረውን በፍቅር የሚገልጥ፥ የገለጠውንም ወደ ይቅርታ የሚያደርስ ብዕር ቸሩ አምላክ ለሁላችን ያድለን።